ጥቁሩ ጫጩት የማን ልጅ ነው?

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቴ ግቢ ያለችው ቀይ ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል በ21ኛው ቀን ስትፈለፍል፣ ልጅቷ ከቅርጫቱ አጠገብ ንቅንቅ አልልም አለች። ዘጠኝ ጫጩት ወጣ። ስድስቱ ቡናማ ሆነው ጀርባቸው ላይ ሰረዝ አለባቸው። ሁለቱ ቢጫ ናቸው። አንዱ ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ አናቱ ላይ ብቻ ነጭ ነጥብ ጣል ተደርጎበታል። ልጅቷ እናቲቱን አየች፣ ጫጩቱን አየች፣ ደግማ እናቲቱን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይሄ ጥቁሩ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ ልጅ ለምታሳድጉም፣ ልጅ ለምታስተምሩም፣ እንዲሁ ነገሩ ለሚገርማችሁም ይህን የምጽፈው ያቺ ጥያቄ አልለቅ ስላለችኝ ነው። ልጅ ለምን ወላጁን እንደሚመስልና ለምን ደግሞ እንደማይመስል ለማወቅ ብዙ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመዋል። ይቺ ሕፃን ደግሞ ቅርጫት ሥር ቁጢጥ ብላ ዋናውን ጥያቄ በአምስት ቃል ጠየቀችው። መልሱን ወዲያው ብነግራት ኖሮ ግን ጥያቄዋን እቀማት ነበር። ስለዚህ አብረን ፈለግነው። እንዴት እንደፈለግነው ላጫውታችሁ።

ሁለት ቃል፣ እኩል ክብደት

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የወጣውና ብዙ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የሳይንስ ትምህርት መመዘኛ ይህን ጉዳይ ያስቀመጠው አንደኛ ክፍል ላይ ነው። ሕፃናቱ የእንስሳትና የዕፅዋት ልጆች ወላጆቻቸውን እንደሚመስሉ፣ ሆኖም ፍጹም አንድ እንዳልሆኑ በዓይናቸው አይተው፣ ካዩት ተነሥተው እንዲያስረዱ ይጠይቃል። ሜሪላንድ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ልጃችሁ አንድ ቀን ይህንኑ የቤት ሥራ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ መመዘኛ የምወደው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማሰሩን ነው። «ይመስላል» እና «ያው አይደለም»። እኛ ቤት የመጀመሪያው ሞልቷል። «ቁርጥ አባቱን!» «ቁጭ እናቷን!» እንላለን፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። ሕፃን አራስ ቤት ሆኖ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ አፍንጫው በማን እንደወጣ ተፈርዶ ያልቃል። ሁለተኛውን ግን ዝም እንለዋለን፤ ስናነሣውም እንደ ጉድለት ነው፤ «ይሄ ደግሞ ማንን መሰለ?» ብለን። እኔ የማምነው ልጆች ሁለቱን እኩል መማር አለባቸው ብዬ ነው። መምሰል እውነት የሆነውን ያህል መለየትም እውነት ነው፤ ደግሞም የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ይህን ወደ ታች እናየዋለን።

«ሌላስ?»

አማርኛ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። ለወላጁ አንድ ስም፣ ለልጁ ሌላ ስም አለው። የላም ጥጃ፣ የበግና የፍየል ግልገል፣ የፈረስና የአህያ ውርንጭላ፣ የውሻ ቡችላ፣ የዶሮ ጫጩት፣ የአንበሳ ደቦል። ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር በዚህ መጀመር ይቻላል። እናንተ «ጥጃ!» ስትሉ እሱ «ላም!» ይላል፤ «ቡችላ!» ስትሉ «ውሻ!» ይላል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ «ጥጃዋን ከላሟ በምን ትለያታለህ?» በሉት። «ትንሽ ናት» ይላል። «ሌላስ?» «ቀንድ የላትም።» «ሌላስ?» እዚህ ላይ ዝም ይልና ያስባል። አጥብቆ ማየት የሚጀምረው በዚህ በሁለተኛው «ሌላስ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጥጃ ቀንድ የላትም ማለት ከእናቷ ለዘለዓለም ትለያለች ማለት አይደለም፤ ጊዜ ስጧት፣ ታወጣለች። የአንበሳ ደቦል ሲወለድ ፀጉሩ ላይ ነጠብጣብ አለበት፤ ሲያድግ እየደበዘዘ ይጠፋል። አባጨጓሬማ ከቢራቢሮ ጋር ምን ያገናኘዋል? ክንፍ የለው፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ቁርጥ ወላጁን ሆኖ ይበርራል። ስለዚህ ለልጆች ሁለት ዓይነት ልዩነት እንዳለ እንንገራቸው። አንዱ በዕድሜ የሚያልፍ ልዩነት ነው፤ ሌላው አድጎም የሚቀር ልዩነት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኛም ጥቁሩን ጫጩት ልንጠብቀው ተስማማን።

እስከዚያው ደብተር አመጣንና ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልነው፤ በአንድ በኩል «ይመስላል»፣ በሌላው «ይለያል» ብለን ጻፍን። ልጅቷ እየቆጠረች ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ምንቃር፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ክንፍ፣ እግሩ ላይ ሦስት ጣት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ፤ ዘጠኙም ላይ አለ፣ እናቲቱም ላይ አለ። በ«ይለያል» በኩል ቀለም ተጻፈ፤ ጀርባ ላይ ያለው ሰረዝ፤ ከቢጫዎቹ በአንዱ አናት ላይ ጉትያ የመሰለች ጉብታ። ገጹ ሲሞላ ልጅቷ ሳልነግራት አንድ ነገር አስተዋለች። «አራት እግር ያለው የለም» አለች። እውነቷን ነው። ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም። ልዩነቱ ከዶሮነት ሳይወጣ፣ ዶሮነት ውስጥ ሆኖ የሚጫወት ልዩነት ነው። ይህን ያየ ልጅ ከትምህርቱ ግማሹን ጨርሷል።

ያልታየው አባት

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። ተረቱ የሚተረተው ከዘመዱ የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ለሚያወራ ሰው ነው። ለሳይንስ ትምህርትም ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። በቅሎ እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ ነው። ሰውነቷ ግዙፍ፣ ወደ ፈረሱ የሚሄድ ነው፤ ጆሮዋን ስታዩት ግን ረጅም ነው፣ አባቷን ያጋልጣል። በቅሎ ብትደብቀው ጆሮዋ ይናገራል።

ሕፃናትም ሳያስቡት እንደ በቅሎዋ ናቸው፤ አባትን ይረሱታል። ምክንያት አላቸው። አውራ ዶሮ እንቁላል አይታቀፍም፣ ከጫጩቶቹ ጋር አይውልም። ልጅ የሚያየው ክንፏን ዘርግታ የምትሰበስባቸውን እናት ብቻ ነው። ስለዚህ «ጥቁሩ የማን ልጅ ነው?» ለሚለው የመጀመሪያው ፍንጭ ያለው ከቅርጫቱ ውጪ ነው። ልጅቷን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ከጎረቤት እየዘለለ የሚመጣው አውራ ዶሮ ገብስማ ነው፤ ላባው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተፈራርቆበታል። ረጅም ጊዜ አየችው። «ጥቁርም አለው» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው።

ቢጫዎቹስ? እዚህ ላይ እናቴ ጣልቃ ገባች። ዶሮዋ ስትታቀፍ ሁለት እንቁላል ከጎረቤት ነጭ ዶሮ ተቀብላ ጨምራ ኖሯል፤ እንዳይቀላቀልባትም በከሰል ምልክት አድርጋበታለች። ልጅቷ ከቅርጫቱ ያልተነሣች ናትና ቢጫዎቹ ከሰል ካለበት ቅርፊት ሲወጡ በዓይኗ አይታለች። ጥቁሩ ግን ምልክት ከሌለው ነው የወጣው። ስለዚህ ሁለቱን ቢጫዎች ሌላ እናት ጥላቸዋለች፣ ቀይዋ ደግሞ አቅፋቸዋለች፤ መጫር የሚማሩት ከእሷ ነው፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ የሚሸሸጉት እሷ ክንፍ ሥር ነው። ቀለማቸው የመጣው ከጣለቻቸው ነው። እንክብካቤው ከታቀፈቻቸው ነው። ልጅ ይህን ልዩነት አንዴ በዶሮ ካየው፣ ኋላ በሰው ሲያጋጥመው አይደናገጥም።

ሁለት ስኒ ቦሎቄ

አሁን ወደምወደው ጨዋታ እንምጣ። ሁለት ስኒ፣ ሁለት ቀይ ቦሎቄና ሁለት ነጭ ቦሎቄ ይበቃል። አንዱ ስኒ እናት ነው፣ አንዱ አባት። በእያንዳንዱ ስኒ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ጨምሩ። ደንቡ አንድ ነው፤ ቀይ ካለበት ጫጩቱ ቀይ ይሆናል፤ ነጭ የሚሆነው ሁለቱም ነጭ ሲሆኑ ብቻ ነው። በዚህ ደንብ እናትም አባትም ቀይ ናቸው፤ ነጩን ውስጣቸው ደብቀው ይዘውታል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከእያንዳንዱ ስኒ አንድ አንድ ፍሬ ያውጣ፤ የወጣውን ጫጩት ቀለም ቀብቶ ይሣል፤ ፍሬዎቹን ወደየስኒያቸው ይመልስ፤ ደግሞ ያውጣ።

ቀይ። ቀይ። ቀይ። ከዚያ ድንገት ሁለት ነጭ መዳፉ ላይ ቁጭ ይላል። የልጁን ፊት በዚያች ሰዓት ማየት ነው! ከሁለት ቀይ ወላጅ ነጭ ልጅ ተወለደ። ማንም አላታለለም፣ ማንም አልተሳሳተም፤ ነጩ ከአያት ጀምሮ ስኒው ውስጥ ነበር። «በአያቷ ወጣች» የምንለው ነገር ይኸው ነው። በሃያኛው ጫጩት ላይ ስትቆጥሩ ነጮቹ ከአራት አንድ ገደማ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዳንዴ ትንሽ ይበዛሉ፣ አንዳንዴ ያንሳሉ።

ይህ ጨዋታ ትልቅ ታሪክ አለው። ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ ከተማ በሚገኘው ገዳሙ አትክልት ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ለስምንት ዓመት ያህል አተር እየዘራ ሲለቅምና ሲቆጥር ኖረ። ፍሬው ክብ የሆነውን አተር ፍሬው ሽብሽብ ከሆነው ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ክብ ሆነ፤ ሽብሽቡ ድራሹ የጠፋ መሰለ። እነዚያን ክቦች መልሶ ሲዘራቸው ግን 7,324 ፍሬ ሰበሰበ፤ 5,474ቱ ክብ፣ 1,850ው ሽብሽብ። ከአራት አንድ ገደማ! የጠፋ የመሰለው ተደብቆ ነበር እንጂ አልጠፋም። ሜንዴል ይህን እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ፤ በ1884 አረፈ፤ ዓለም የሥራውን ዋጋ የተረዳው በ1900 ነው። እሱ አተር ቆጥሮ የደረሰበትን እኛ በቦሎቄ እንደርስበታለን።

አንድ ነገር ለራሳችሁ ያዙ። የዶሮ ቀለም በእውነት የሚወሰነው በአንድ ጥንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጥንዶች ይረባረቡበታል። ጨዋታው የሚያሳየው ሥሩን ነው፤ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ፣ የትኛው እንደሚደርስ ደግሞ በዕጣ።

ለምን ወንድምና እህት አይመሳሰሉም?

ከአንድ እናትና አባት አንዱ ቀይ፣ አንዷ ጠይም፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ መወለዱ እኛ አገር በየቤቱ ያለ ነገር ነው። በየቤቱ ደግሞ አንድ ቀልደኛ አለ፤ ለየት ያለውን ልጅ «አንተን እኮ ከመንገድ አንሥተን ነው ያመጣንህ» የሚል። ትልልቆቹ ይስቃሉ። ልጁ ግን ሌሊት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያስብበታል። ይህን ቀልድ ብንተወው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሐሰት ነው፣ እውነቱ ደግሞ ከቀልዱ ይበልጥ ደስ ይላል።

እውነቱ ይህ ነው። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ እንዴት እንደምንሠራ የሚናገረው መመሪያ፣ ዘረ መል የምንለው፣ ክሮሞዞም በሚባሉ 46 ጥቅሎች ተቀምጧል። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። እናት ለልጇ ስትሰጥ ካሏት 23 ጥንዶች ከእያንዳንዱ አንዱን ብቻ ትሰጣለች። አባትም እንዲሁ። ይህ ልክ እንደ ካርታ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይበወዛል። የእናት ብቻ 8,388,608 ዓይነት ዕጣ ሊሆን ይችላል፤ የአባትም ያንኑ ያህል ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ ከ70 ትሪሊዮን ይበልጣል። ከዚህም ሌላ ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ዕጣው የበለጠ ይበዛል። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ካርታ ቢደርሳቸው ነበር የሚገርመው። ይህ የሚሆነው ከአንድ ፅንስ ለሁለት በተከፈሉ መንትዮች ብቻ ነው።

ቅድም ያልኳችሁ ይኸው ነው። ካርታው ከወላጆች እጅ የመጣ ስለሆነ እንመስላቸዋለን፤ ተበውዞ ስለመጣ እንለያቸዋለን። መምሰልና መለየት ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው።

በቅሎንም መልሼ ላንሣት። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62። በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ትቀበልና 63 ይሆንላታል። ከሁለቱ ወገን የመጡት በደንብ ስለማይጣመሩ ለልጅ የሚተላለፍ ድርሻ መክፈል ይከብዳታል፤ በቅሎ የማትወልደው ለዚህ ነው።

ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ቋንቋ

አሁን ልጆች በጣም የሚሳሳቱበት ቦታ ደረስን። አያቷ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ልጅቷን «ሴት ልጅ ስትወልጂ ንቅሳት ይዛ ትወለዳለች?» አልኳት። ሳቀች። «የእናትሽ ጆሮ ተበስቷል፤ የአያትሽም፤ የቅድመ አያትሽም። አንቺ ስትወለጂ ጆሮሽ ተበስቶ ነበር?» አልኳት። ጆሮዋን ነካካች። አልነበረም፤ እሷንም በሕፃንነቷ ነው የበሷት።

ይህን ጥያቄ አውጉስት ቫይስማን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፈትኖታል። ለአምስት ትውልድ የአይጦችን ጭራ እየቆረጠ አራባቸው፤ 901 ግልገል ተወለደ፤ አንድም ጭራው የጎደለ አልነበረም። በሰውነት ላይ የሆነ ነገር ወደ መመሪያው አይገባም።

ቋንቋም እንደዚያው ነው። ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ የአባቱን ግንባር፣ የእናቱን ፀጉር ሳይጠየቅ ይቀበላል፤ አማርኛን ግን የሚቀበለው ሲያወሩለት ብቻ ነው። መልክ በራሱ ይደርሳል፤ ቋንቋን እናንተ ልታደርሱት ይገባል። ይህ በውጭ አገር ለምትኖሩ ወዳጆቼ ከልቤ የምለው ነገር ነው።

ይህንንም በእጅ ማሳየት ይቻላል። ከአንድ ዛላ ሁለት ባቄላ ውሰዱ፤ ሁለቱንም እርጥብ ጥጥ ላይ አስቀምጡ፤ አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ አድርጉ። ሁለቱም ይበቅላሉ። የመስኮቱ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ግንዱ ጠንካራ ይሆናል፤ የቁም ሣጥኑ ገርጥቶ፣ ቀጥኖ፣ ብርሃን ፍለጋ ይንጠራራል። ወንድማማቾች ናቸው፤ ያለያያቸው ቦታው ነው። የገረጣውን ቶሎ ወደ መስኮት ብታወጡት አረንጓዴነቱን ይይዛል። ልጁ እዚያ ላይ «ዘር» እና «ኑሮ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች በዓይኑ ለይቶ ያያል።

ከቤተሰብ ፎቶ አትጀምሩ

አንድ ልመና አለኝ፤ በተለይ ለአስተማሪዎች። ይህን ትምህርት «የእናትና የአባታችሁን ፎቶ አምጡ» ብላችሁ አትጀምሩት። ክፍል ውስጥ በማደጎ ያደገ፣ አባቱን አይቶ የማያውቅ፣ እናቱ አረብ አገር ሠርታ የምትልክለት፣ ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ አለ። በዶሮና በባቄላ ጀምሩ። የዶሮዋ ታሪክ ለሁሉም ልጅ እኩል ክፍት ነው።

ልጆችስ ይህን ያህል ይገባቸዋል ወይ ብትሉ፣ ሱዛን ጌልማንና ሄንሪ ዌልማን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት አለ። በአሳማዎች መካከል ስላደገች ጥጃ ሲጠየቁ፣ የአራት ዓመት ልጆች እንኳ ድምፅዋም ጭራዋም የላም እንደሚሆን ተናገሩ። ነገር ግን ግሬግ ሰለሞን፣ ሱዛን ኬሪና ባልደረቦቻቸው በ1996 ሌላ ነገር አሳዩ። አንዱ ወልዶት ሌላው ስላሳደገው ልጅ ሲጠየቁ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ብዙዎቹ መልኩ ከወለደው፣ አስተሳሰቡ ካሳደገው እንደሚመጣ አጥርተው መለየት አልቻሉም። ዝንባሌው አላቸው ማለት ነው፤ ምክንያቱን ግን ገና እየገነቡት ነው። ስለዚህ አትቸኩሉባቸው።

ደግሞ «ምላስህን መጠቅለል ከቻልክ አባትህም ይችላል» የሚለውን የድሮ የክፍል ጨዋታ ተዉት። አንዱ የሚችል ሌላው የማይችል ከአንድ ፅንስ የተገኙ መንትዮች ታይተዋል። በማይሠራ መፈተኛ ልጅን ከአባቱ ጋር አናጠራጥረው።

ጥቁሩ ጫጩት

ሳምንታት አለፉ። የልጅነት ጠጉሩ እየረገፈ ላባ ሲያወጣ፣ ጥቁሩ ጫጩት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ መስመር ታየበት፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ እጄን ጎተተችኝ። ገብስማ ሆኗል። እግሩ ግን ቢጫ ነው፤ አጥር ዘላዩ አባቱ ጠቆር ያለ እግር አለው፣ ቀይዋ እናቱ ናት ቢጫ እግር ያላት። «በሁለቱም ወጣ» አለች።

ያን ዕለት ማታ ደብተሩን ስከፍተው፣ እኔ ያልጻፍኩት፣ ፊደሉ የተንጋደደ አዲስ መስመር አገኘሁ። ከዘጠኙ ጫጩቶች ሥር «እኔ» ይላል። በ«ይመስላል» በኩል «ፀጉሬ እንደ አባዬ»፤ በ«ይለያል» በኩል ደግሞ «የእማዬ ጉልበት ላይ ያለው ጠባሳ እኔ ጋ የለም»። ፎቶ አምጪ አላልኳትም፤ ራሷን ከጫጩቶቹ ተርታ ያሰለፈችው ራሷ ናት።